የቱርኩ ግቢ ደንብ

በከር ከአክስቱ ማዕድ እህል ካልቀመሰ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። እትዬ ሸምሲያ መጀመሪያ ሆዱን አሞት ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሴት ወዶ ይሆናል፣ ፍቅር የያዘው ሰው እንጀራ አይታየውም ብለው ለብቻቸው ፈገግ አሉ፤ እንዲያውም ልጅቷ የማን ልጅ ብትሆን እንደሚሻል በሐሳባቸው ሠፈሩን ዞረው ሁለት ሦስት መርጠውለት ነበር። ቁርስ ሲያቀርቡለት «ቢሮ በልቻለሁ» ይላል። ቢሮ የሚለው ከእሳቸው መኝታ ክፍል በአንድ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ የተለየውን የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ ውስጥ ከማኅተም ቀለም በቀር ወደ አፍ የሚሄድ ነገር እንደሌለ እትዬ ሸምሲያ አሳምረው ያውቃሉ። በከር የወንድማቸው ልጅ ነው። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ አድጎ የቀበሌው ጸሐፊ ሲሆንም ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ የከረሙት እሳቸው ናቸው።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ ሰግደው መስገጃቸውን ሲያጥፉ ኮምፔርሳቶው ተናገረ። ድምፁ የሊቀ መንበሩ የጓድ ሸዋንግዛው ነው። «ዛሬ የውጭ አገሩ እንግዳ አይቶ ከሄደ በኋላ ነጋዴ እዚህ ግቢ አይመለስም» ይላል። «ቤቱ ታሪካዊ ነው ከተባለ የአሥረኛውን ዓመት የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እዚሁ እናዘጋጃለን። ለአሮጊቷ ከዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ጎን ያለችው ክፍል ትበቃቸዋለች። ውሳኔውን ጽፈኸው የለም? ዛሬ የባህል መሥሪያ ቤቷ ባለሙያ ከመሄዷ በፊት ትፈርምበታለች፤ እኔም፣ አንተም እንፈርማለን።» እትዬ ሸምሲያ መስገጃቸውን በግማሽ እንዳጠፉት ቆመው ጠበቁ። እንቢ ይል ይሆናል፣ ወይም ቢያንስ «አክስቴ እኮ ናት» ይል ይሆናል ብለው። በመጨረሻ የበከር ድምፅ «እሺ፣ ጓድ» አለ።

እዚህ ላይ የግቢውን ደንብ ያላወቀ ሰው ነገሩ አይገባውምና ልንገራችሁ። የቱርኩ ግቢ በጠመንጃ ያዥና በልደታ መሀል ያለ፣ ድሮ በቅሎ ጭነው ለሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ እንዲሆን አንድ ቱርክ እንዳገሩ አድርጎ የሠራው ነው። ዙሪያውን ፎቅ፣ መሀሉን ሜዳ፤ ከታች ለበቅሎና ለጭነት፣ ከላይ ለሰው። ቱርኩ አፈር ከሆነ፣ በቅሎውም በኤንትሬ የጭነት መኪና ከተተካ ቆይቷል፤ ግቢውም ትርፍ ቤት በተወረሰበት አዋጅ የቀበሌ ሆኗል፤ ነጋዴው ግን አልቀረም፤ የሚያስተናግዱትም ማረፊያውን ከባላቸው የተረከቡት እትዬ ሸምሲያ ናቸው። ከማረቆ በርበሬ፣ ከወሎ የሱፍ ባና፣ ከከፋ ማርና ኮረሪማ የያዘ ሁሉ እዚያው ያራግፋል፣ እዚያው ይሸጣል፣ በአንድ ብር እዚያው ያድራል። ጭነት የያዘ ሰው በሩ ላይ ከታየ መጀመሪያ ጭነቱ ይወርዳል። ዕቃ ቤት ሲገባ ባለቤቱ በገዛ እጁ በገመድ ይቋጥረዋል፤ ያን ቋጠሮ ከእሱ በቀር የሚነካው የለም። ስሙ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። የቤቱን እህል ሳይቀምስ ደግሞ ጭነቱ አይወጣለትም። የእትዬ ሸምሲያ ባል ሳኒ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «በልቶ የወጣ አይከስም» ይሉ ነበር። ልደታ ፍርድ ቤት እዚያው አፍንጫ ሥር ሆኖ እንኳ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ደረጃውን የረገጠ ነጋዴ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

በከር ይህን ደንብ ከፊደል በፊት ነው የተማረው። የበላበትን ቤት መክሰስ እንደማይቻል፣ አክስቱን በሚያስወጣ ወረቀት ላይ መፈረምም ከክስ እንደማይለይ ያውቃል፤ ስለዚህ መብላቱን ተወ። እትዬ ሸምሲያ ይህ ሲገባቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ተናደዱም፤ ሊከዳቸው እንኳ ደንብ በመጠበቁ ደግሞ ትንሽ ኮሩ፤ መኩራታቸው መልሶ ይበልጥ አናደዳቸው። ክፍሏስ ብትሄድ ትሂድ፣ የዕድር ድንኳንም ቢሆን ጎረቤት ነው። ባሳደጉት ልጅ እጅ ተፈርሞ መውጣት ነው የከበዳቸው። በቀጥታ አልጠይቀውም፣ ከራሱ አፍ ልስማው ብለው ወሰኑ።

ውጭ በረንዳው ላይ ተገናኙ። እጁ ላይ ያች ጥቁር የቀበሌ ቦርሳ አለች።

«ቁርስ አለ» አሉት።

«በልቻለሁ፣ አክስቴ።»

«ምን በላህ?»

«ዳቦ።»

«የቀበሌው ዳቦ ቤት እኮ ገና አልተከፈተም።»

በከር የጫማውን አፍንጫ ተመለከተ። እትዬ ሸምሲያም አብረው ተመለከቱለት። ጫማው ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም፤ ሁለቱም ግን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እሱ ወደ ቢሮው፣ እሳቸው ወደ ጓዳቸው ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ጓድ ሸዋንግዛው ግቢውን ታሪካዊ ማድረግ ጀመረ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የትም ቦታ ሲገባ ዕቃ የሚያስነሳ ዓይነት ሰው ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ወር ስለቀረው ከተማው ሁሉ በቆርቆሮ እየታጠረ ቀለም ይቀባል፤ እሱም ከጎረቤት ቀበሌ ማነስ አልፈለገም። ነጋዴዎቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መርካቶ እንዲውሉ ታዘዙ። የማረቆው በርበሬ ሰላሳ ጆንያ ከሜዳው ተነስቶ ላይኛው ፎቅ መጨረሻ ክፍል ተቆለለ፤ ባናውም፣ የማሩ ቅልም እዚያው ገባ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። በሩ ላይ እንኳን ደህና መጡ የሚል ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ሜዳው መሀል ቆሞ «ከባህል መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያና ከቱርክ አገር የመጡ ሊቅ በስምንት ሰዓት ይህን ታላቅ ቅርስ...» ብሎ ሲጀምር አስነጠሰው። እንደገና «ይህን ታላቅ...» ሲል ደገመው። በርበሬ ቢነሳ ብናኙ ሳምንት አይወጣም፤ ሊቀ መንበርና ተራ ሰውም አይለይም። ንግግሩ በአራተኛው ማስነጠስ አለቀ። ለበረኛው ለጋሽ ሁመድም በመሐረብ ውስጥ ሆኖ «ዛሬ አንድም ነጋዴ እንዳይገባ። አንድ ነጋዴ ካየሁ ሁላችሁም ትጠየቃላችሁ» አላቸው። ጋሽ ሁመድ «እሺ፣ ጌታዬ» አሉ። ጌታዬ እንዳይባል ስንት ጊዜ ተነግሯቸዋል።

ጋሽ ሁመድ አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ጭነት ያወረዱ ሰው ናቸው። እሺ ያሉት በአፋቸው ነው፤ ለእጃቸው የነገረው አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጠይም፣ ጢማም፣ ሸበቶ ሰው ከውይይት ታክሲ ወርዶ ትልቅ የቆዳ ሻንጣና በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ዘንግ ተሸክሞ በሩ ላይ ሲቆም፣ ጋሽ ሁመድ ሳያስቡት ሻንጣው ትከሻቸው ላይ ነበር። ዕቃ ቤት አስገቡት፤ ገመድም አውጥተው ለሰውዬው ሰጡት። ሰውዬው ገመዱን አየ፣ ጋሽ ሁመድን አየ፣ ሳቅ አለና ጎንበስ ብሎ ቋጠረ። አቋጠሩም የሚያውቅ ሰው አቋጠር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ሁመድ ሊቀ መንበሩ ያላቸው ነገር ትዝ ያላቸው፤ ሰውዬውን እጁን ይዘው ወደ እትዬ ሸምሲያ እየጎተቱ መጡ።

«እትዬ፣ እጄ ቀደመኝ» አሉ።

እትዬ ሸምሲያ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ኮቱ ጥሩ ነው፣ ጫማው አቧራ ነው፤ በሐረር በኩል የመጣ የዕጣን ነጋዴ መሆን አለበት። ማባረር ደግሞ አይሆንም፤ ጭነቱ ዕቃ ቤት ገብቷል፣ እህልም አልቀመሰም። ጓድ ሸዋንግዛው ቢያየው ግን በዛሬው ቀን ላይ ሌላ ቀን መጨመሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አዛውንቶች እንግዳውን ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ በደረጃው ወደ ላይኛው ፎቅ አወጡትና በርበሬው የተቆለለበት ክፍል አስገቡት። ሰውዬው እሱም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ። ይህን የመሰለ ጨዋ ነጋዴ ካዩ ቆይተዋል።

ባና አንጥፈው አስቀመጡት፤ እትዬ ሸምሲያም በቅቤና በማር የራሰ ጨጨብሳ አቀረቡ። ጋሽ ሁመድ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ሲያራግፉ የለቀሙት ዐረብኛ አላቸው፤ ቋንቋው በቁጥርና በስድብ ይበረታል፣ ሌላው ላይ ይሳሳል። ሰውዬውም የተወሰነ ዐረብኛ ነበረውና በመሀል በእጅ እየተጋገዙ ተግባቡ። ጆንያውን ከፍቶ በርበሬውን አሸተተ። የጣሪያውን እንጨት ቀና ብሎ ቆጠረ፤ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የበሩን ስፋት ለካ። ጭነቱ በዚህ በር ይገባልኝ እንደሆነ ነው ብለው እትዬ ሸምሲያ አመሰገኑት። አንዱን ባና አንስቶ ዋጋውን ሲጠይቅ ጋሽ ሁመድ አርባ አምስት አሉት፤ ሰውዬው ሃያ አለ፤ ጋሽ ሁመድ በአሰብ ዐረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰውዬው እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ። ጋሽ ሁመድ ሲያጎርሱት አይቶ እሱም ማጉረስ ለመደ።

ከበላ በኋላ ከደረት ኪሱ ፎቶግራፍ አወጣ። እትዬ ሸምሲያ ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት። ዙሪያውን ፎቅ፣ መሀሉን ሜዳ፤ ከታች በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሚዛን ይዞ ተቀምጧል፣ ከላይ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተሰቅሏል፣ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። «ይሄ የኛ ግቢ ነው» አሉ ደንግጠው። ቀጥሎ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩና የማያውቋቸው መሆናቸውን ተረዱ። ሰውዬው በእጁ ወደ ራሱ፣ ከዚያ ወደ ሩቅ አመለከተ፤ ያገሬ ነው ማለቱ ነው። እትዬ ሸምሲያ ፎቶውን እንደያዙ ቆዩ። «ጠይቀው እስቲ» አሉ ለጋሽ ሁመድ፣ «እነዚህን ሰዎች ተነሡ ያላቸው የለም? ስንት ጊዜ ተቀመጡ?» ሰውዬው መለሰ። መልሱ ቁጥር ስለሆነ ጋሽ ሁመድ በትክክል ተረጎሙት። «አራት መቶ ዓመት» አሉ። እትዬ ሸምሲያ በዚያች ሰዓት በዚያ ሚዛን በያዘ ሽማግሌ ቀኑ። ከልባቸው ነው የቀኑበት።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ መኪና ቆመ። እትዬ ሸምሲያ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲያዩ ከባህል መሥሪያ ቤት የመጣችው ባለሙያ፣ ወይዘሪት እንዳለች የምትባለው፣ ወረደች፤ አፍሮ ያላት፣ ማስታወሻዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች ወጣት ናት። ሊቁ ግን አብረዋት አልነበሩም። «እዚህ እንገናኝ ብለውኝ ነበር» አለች። ጓድ ሸዋንግዛው በሩ ላይ ተገትሮ ጠበቀ፤ የወጣት ማኅበሩ ልጆች ሊዘምሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠበቁ። ስምንት ተኩል ሆነ። ወይዘሪት እንዳለች በመኪናዋ ሆቴል ደርሳ ተመለሰች፤ ከጠዋት ወጥተዋል ተባልኩ አለች። ዘጠኝ ሲል የሰኔ ዝናብ ወረደ። ቀዩ ጨርቅ ቀለሙን በሊቀ መንበሩ ነጭ ሸሚዝ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። የውጭ አገር ሰው በቀበሌዬ ጠፋ ማለት ምን እንደሆነ ለራሱ እያሰበ ፊቱ ዐመድ መስሏል፤ እትዬ ሸምሲያም አዘኑለት። ጋሽ ሁመድ ወደ በራቸው ወርደው ነበር። በከርም ቦርሳውን ከኮቱ ሥር ደብቆ በጣሪያው ጠርዝ ሥር እየተጠጋ ከጋሽ ሁመድ ጋር ወደ ዕቃ ቤቱ ሲገባ፣ ባዶ እጁንም ሲወጣ እትዬ ሸምሲያ አዩት። ዝናብ ሽሽት ነው ብለው አለፉት።

ይሄኔ ነው ከኋላቸው ያ ጨዋ ነጋዴ ያስነጠሰው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ከሰላሳ ጆንያ በርበሬ ጋር ተቀምጦ እስካሁን መቆየቱ ራሱ ትዕግሥት ነው። ማስነጠሱም እንደ ሰውነቱ ትልቅ ነበር።

ጓድ ሸዋንግዛው ቀና አለ። «ማነው እላይ? ነጋዴ ነው?» ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ፤ ወይዘሪት እንዳለችና በከር ተከተሉት። በሩን በርግዶ ሲገባ እትዬ ሸምሲያ መሶብ ፊት ቆመዋል፤ ሰውዬው ባና ላይ ተደላድሎ እጁን እየላሰ ነው። ሊቀ መንበሩ ጣቱን ቀስሮ ሊናገር አፉን ሲከፍት ወይዘሪት እንዳለች ከኋላው «ውይ፣ ፕሮፌሰር» አለች።

የሊቀ መንበሩ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«እንግዳውን ደበቋቸው?» አለ ጓድ ሸዋንግዛው ድምፁ ቀጥኖ።

«ነጋዴ እንዳይታይ ያሉት እርስዎ ነዎት» አሉ እትዬ ሸምሲያ።

እንግዳው ግን ተነሥተው ሁሉንም ጨበጡ፤ ቁጭ በሉ ብለው እጅ ጎትተው አስቀመጡ። ከዚያ አዲስ የተማሩትን ሊያሳዩ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ ሊቀ መንበሩ አፍ ዘረጉ። ጓድ ሸዋንግዛው በዚህ ግቢ ስድስት ዓመት ሲሠራ ሥራ ላይ ነኝ እያለ ውኃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም። ጉርሻውን አየ፤ ወይዘሪት እንዳለችን አየ፤ የውጭ እንግዳ እጅ ተዘርግቶ አይመለስምና ዐይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ማሩ ጢሙ ላይ ወረደ።

ወይዘሪት እንዳለች እየተረጎመች ጻፈች። እንግዳው የንግድ ቤት በቀጠሮ አይታይም ብለው አስቀድመው በእግራቸው መጥተው ኖሯል። «ባዶ የተደረጉ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች አይቻለሁ፣ ሁሉም እየፈረሱ ነው ይላሉ» አለች። «ሰው ሲኖርበት ጣሪያው ካፈሰሰ የሚያየው አለ። ሰው የሚነግድበት ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል፣ እንደዚሁ ይቆይ ብዬ ነው የምጽፈው ይላሉ።» ጓድ ሸዋንግዛው ማሩን ዋጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ፤ እኛ ደግሞ የወሰንነው አለ፤ እርስዎ ይፈርሙበትና የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን» አላት። «በከር፣ ወረቀቱን አምጣ።»

በከር ከበሩ ሥር አልተነቃነቀም። «ቦርሳው ዕቃ ቤት ገብቷል» አለ። «ዝናብ እንዳይመታው።»

«ታዲያ አውጣዋ።»

ከደረጃው ላይ ጋሽ ሁመድ ተሰሙ። «አይወጣም፣ ጌታዬ። በእጁ ቋጥሮታል፤ ባለቤቱ ሳይበላ ጭነት አይወጣም።»

እትዬ ሸምሲያ ልጁን አዩት። ጠዋት ጫማው ላይ የነበረው ዐይኑ አሁን ፊታቸው ላይ ነበር። ዝናብ ሽሽት እንዳልነበረ፣ ወረቀቱን በግቢው ደንብ ሊያስር እንደሆነ ገባቸው።

«ይብላና ያውጣዋ!» አለ ጓድ ሸዋንግዛው ትዕግሥቱ አልቆ። «ብላ፣ በከር። ይህ የሥራ ትእዛዝ ነው።»

«አክስቴ» አለ በከር፣ «ርቦኛል። ስድስት ቀን ሙሉ ርቦኝ ነው የቆየው።»

እትዬ ሸምሲያ ጨጨብሳውን በሳህን ሞልተው ፊቱ አስቀመጡ። በከር ተቀመጠና በላ። እንዴት ያለ አበላል መሰላችሁ፤ እንግዳው እንኳ መብላታቸውን ትተው አዩት። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ሳህኑ ሲጋመስ «በቃ፣ ሂድ አምጣው» አለ።

«አመጣዋለሁ፣ ጓድ። ልፈርምበት ግን አልችልም። በላሁ።»

«ብትበላስ?»

«በልቶ የወጣ አይከስም» አሉ ጋሽ ሁመድ በትሕትና። «እርስዎም ቅድም ጎርሰዋል፣ ጌታዬ። ጢምዎት ላይ አለ።»

ወይዘሪት እንዳለች ሳቋን በማስታወሻዋ ከለለች፤ እስክሪብቶዋንም ከደነች። ጓድ ሸዋንግዛው ጢሙን በመሐረብ ጠረገ፤ ሁሉንም በየተራ አየ፤ የውጭ ሰው ጠፋ ተብሎ ከመጠየቅ በማር መለወስ ይሻላል ብሎ ይሆን፣ ወይም ማሩ ራሱ ደልሎት ይሆን፣ ድምፁ ዝግ አለ። «እንግዲህ ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አለ። ከበዓሉ በኋላ የሚታይ ጉዳይ በዚያ ዘመን የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳው ዕቃ ቤት ወርደው ቋጠሯቸውን ፈቱ፤ ባናውን በሠላሳ ብር ወሰዱ፤ ያን ፎቶግራፍ ለእትዬ ሸምሲያ ትተውላቸው ሄዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ አባርቶ ነጋዴዎቹ ከመርካቶ እየተመለሱ ነበር። ጋሽ ሁመድ ከታች ያስነጥሳሉ፣ ጆንያ ይወርዳል፣ አንዱ ሻይ ይላል። አክስትና ልጅ ላይኛው ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በከር ይቅር በይኝ ለማለት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ጎረሰበት። እትዬ ሸምሲያ ሊቆጡት ፈለጉ፤ ከአንገቱ መክሳቱን ሲያዩ ተዉት።

«ከደንቡ አንድ ቀርቷል» አሉት በመጨረሻ። «የራበው መጥቶ ጭነቱን አወረደ፣ ቋጠረ፣ በላ። አሁን ነው የሚጠየቀው። ስምህ ማነው?»

በከር ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ተመለሰ።

«በከር» አለ።

«የማን?»

«የሸምሲያ» አለና ሳህኑን መልሶ ዘረጋላቸው።